ክንድሽን ለምላጭ እንዳትሰጪ

ለውዷ እህቴ ለረሺዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ነሽልኝ? ቁስሉ ጠገገልሽ ወይ? እህል ይበላልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አንቺም እንደኔው ጡትሽን ተቆርጠሽ ከደሴ ሆስፒታል መውጣትሽን ወንድማችን ይማም በስልክ ሲነግረኝ አለቀስኩም፣ አልሐምዱሊላህ አልኩም። እኔ ደህና ነኝ። ካርቱም ያው ሙቀትና አቧራ ነው፤ መብራት ሲመጣ እልል እንላለን።

ይማም ሌላም ነገር ነገረኝ። ክንዴን ከበደኝ ስላልሽ እማዬ ዋግምት የምታደርግ ሴት ልታመጣልሽ ነው አሉ። ይሄን እንደሰማሁ ብዕር አነሳሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ እየቀፈፈሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እኛን ሲቆርጡን ከብብታችን ሥር ያሉትን ፍሬዎች አብረው አውጥተዋል። የክንድን ውሃ የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው አሉኝ። እነሱ ሲወጡ ውሃው መሄጃ ያጣና ይጠራቀማል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ክንዱ አብጦ በዚያው ሊቀር ይችላል። እዚህ ካርቱም፣ ሪያድ በሚሉት ሰፈር በሰው ቤት ስታጥብና ስትወለውል ለምትውል ሴት ክንድ ማለት ምን እንደሆነ ለአንቺ አይነገርም።

እዚህ የምታከምበት ቦታ አንድ መሣሪያ አለ። ገና ሳልቆረጥ ለክተውኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየጠሩ ከያኔው ጋር ያስተያዩታል። አስተኝተው እጅና እግሬ ላይ ሽቦ ያለው ነገር ይለጥፉና ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰዱበታል። አትደንግጪ፣ ምንም አይሰማም። እንዲያውም ለከተማው የጠፋ መብራት ለኔ ክንድ ከየት ተገኘ ብዬ ነርሷን አብራርን አስቄያታለሁ። ውሃ በበዛበት በኩል ኤሌክትሪኩ ቀለል ብሎት ያልፋል፤ ስለዚህ ዓይን ምንም ሳያይ መሣሪያው ቀድሞ ይናገራል።

ከረመዳን በኋላ ቁጥሩ ከፍ አለ። ክንዴን ባገላብጠው ከሌላኛው አይለይም። አብራር በልኬ ውሃውን የሚገፋ ጠበቅ ያለ እጅጌ ሰጥታኝ ቀን ቀን አጥልቂው አለችኝ። ይሄን ለናስራ ነገርኳት፤ የባቲዋ፣ ዓርብ ዓርብ የምንገናኘው። ውሃ ነው ካሉማ ይወጣል እንጂ በጨርቅ ይታነቃል እንዴ አለችኝ። እኔም ሞኟ እውነት መሰለኝ። እጅጌውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ያላ፣ እንሂድ ብላ ሐፍላ የሚሉት አውቶቡስ ላይ አሳፍራኝ ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን ገባን።

ኡፍ ረሺዳ! ከገበያው ጀርባ አንድ ግቢ፣ አንዲት ሐቦባ የሚሏት አሮጊት ቁጢጥ ብላለች። ከፊቴ እግሯ ያበጠ ሴት ነበረች። አሮጊቷ የሴትየዋን እግር በምላጭ ጫር ጫር አደረገችና የዋግምቱን ቀንድ ደፍታ በአፏ መጠጠች። የመጠጠችውን ጣሳ ላይ ተፋችው። ጣሳው የማን የማን እንደሆነ በማይታወቅ ደም ተሞልቶ ዝንብ ወሮታል። ምላጩን በለበሰችው ቶብ ጫፍ ጠረገችው። የቀንዱ አፍ ላይ የደረቀ ደም ቅርፊት ሠርቷል። በዚያው ምላጭ፣ በዚያው ቀንድ፣ ያላ ታዓሊ፣ ነይ ብላ ወደ እኔ ዘረጋችው! ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

በር ላይ ወጥቼ አስታወክሁ። ናስራ ትስቃለች። የሰው ቤት ሽንት ቤት ስታጥቢ ኖረሽ ዛሬ ምላጭ ቀፈፈሽ? እመቤት ሆንሽብን! አለችኝ። እኔ ሽንት ቤት ሳጥብ በበረኪና ነው፣ ይቺ ምላጯን በምን አጠበችው ብያት ጥያት በሪክሻ፣ በኛ ባጃጅ፣ ሄድኩ።

ለአብራር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ፍሬው በወጣበት ክንድ ትንሽ ጭረት እንኳ መርዝ ያስገባል፣ እኛ መርፌ የማንወጋበትን ክንድ ለምላጭ ልትሰጪ ነበር? ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን እጅጌውን ሳላወልቅ ከረምኩ። ባለፈው ሲለኩኝ ቁጥሩ ወርዷል። አሁንም ልብስ አጥባለሁ፣ አሁንም ይኼው እጽፋለሁ።

እህቴ፣ ክንድ መክበዱ ራሱ ምልክት ነውና ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ቆረጠሽ ሐኪም ሂጂ። መሣሪያው ደሴ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ከሌለ ሁለቱንም ክንድሽን በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተው ያስተያዩልሽ። የኔን እጅጌ ልልክልሽ ነበር፣ በየሰው ልክ ነው የሚሰጠው ስላሉኝ ተውኩት። አብጦ እስኪታይ አትጠብቂ።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ። ለኛ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያቺን ሴት በር ላይ ትመልስልኝ፣ ሴትዮዋን ካስቀየማት በኔ አላክኪው በያት። ይማምን አላህ ይስጠው፣ ባይነግረኝ ምን ይውጠኝ ነበር። ልጅሽን ኢክሪማን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ይህንንም ደብዳቤ እማዬ ፊት ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የጣሳውን እንዳይዘል። ለክንድሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስመጣ አንገቴ ላይ እንዲጠመጠም እፈልገዋለሁ።

እህትሽ ሉጥፊያ
ካርቱም፣ ሪያድ
ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.