ስለ መታጠቢያ ቤታችን መስኮት ለከተማ ውበት ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ኦቤ ቴርፕስትራ
የዎልደርዛይል ከተማ የሕንፃ ገጽታና ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም በአንድ ጡብና በሌላው መካከል ያለችውን የግማሽ ጣት ልዩነት ከመንገድ ማዶ ሆነው የሚለዩበት ያ የተባረከ ዓይንዎ እንደምን ከርሟል? እኛ የገመድ ሠሪዎች ጎዳና ነዋሪዎች በጣም ደህና ነን። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ከሳቅ ብዛት ጎናችንን ከማመሙ በቀር አንዳች የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ስችል በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ውለታ ተቀብሎ በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

እኔ ሬንስኬ ቡርስማ እባላለሁ፤ በከተማው ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ዱዌ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። አብራን የምትኖረው እናቴ ቺትስኬ ሰማንያ አራት ዓመቷ ሲሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከተማው መዋኛ ዋና ስታስተምር የኖረች ናት። ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ የዚህች ከተማ ልጅ ሁሉ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሳይሰምጥ የቀረው በእሷ ፊሽካና በእሷ ቁጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ እማዬ እንደ መሰላል ቀጥ ካለው ደረጃችን ተንሸራትታ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረን፤ ወይ ምድር ቤት ላይ መኝታና መታጠቢያ ይሠራላታል፣ ወይ ጎረቤት ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ትገባለች። እማዬ አልጋዋ ላይ እንዳለች ሰምታ ኖሮ፣ «እዚያ ከወሰዳችሁኝ በመስኮት ወጥቼ እመጣለሁ፤ በአንድ እግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አለች። ጥቂት አሰብ አድርጋም፣ «መታጠቢያው ደግሞ ገንዳ ይኑረው። ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ለአበባ ነው» ስትል ጨመረች።

እንግዲህ ቤታችንን ለማደስ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የክቡርነትዎ ውለታም የጀመረው ያን ጊዜ ነው። እንዳይረሳሳ በተራ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፦ መታጠቢያ ቤቱን ከቤቱ ጀርባ፣ አትክልቱ ባለበት ጸጥተኛ ቦታ፣ ሦስት ሜትር አስረዝመን ልንሠራው አስበን ፕላኑን አቀረብን። ኮሚቴዎ አምስት ወር ሲያሰላስል ቆይቶ፣ ግንባታው «በቦዩ ላይ በጀልባ የሚያልፍ ሰው የቤቶቹን ጀርባ ሲመለከት የሚያድርበትን ስሜት ያናጋል» ሲል ከለከለን። በዚያ ቦይ ከዳክዬዎችና የጠገነውን ሞተር ከሚሞክረው ከዱዌ በቀር ማንም አያልፍም። ዱዌ ስሜቱ እንደማይናጋ በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ቢያመለክትም፣ ባለጉዳይ ነህ ተብሎ ምስክርነቱ ውድቅ ሆነበት። የዳክዬዎቹን አስተያየት እስካሁን እየተጠባበቅን ነው።

ሁለተኛ፦ ከኋላ ከተከለከልን ከፊት እንሥራው ብለን፣ ወደ ጎዳናው የሚመለከተውን ሳሎናችንን መታጠቢያ ቤት ለማድረግ ወሰንን። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በትልቁ መስኮት ላይ እንደ ወተት የነጣ፣ ብርሃን እያስገባ ዓይን የማያስገባ መስታወት እንድንገጥም። ከሦስት ወር በኋላ የመጣው መልስ የጎዳናው ፊት በሙሉ አንድ ዓይነት ግልጽ መስታወት ሊኖረው እንደሚገባ የሚያትት ነበር። እኔም ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይሄ እኮ መታጠቢያ ቤት ነው» ብልዎ፣ ሳይቆጡና ሳይሰለቹ፣ «ወይዘሮ ቡርስማ፣ ኮሚቴው የሚመለከተው ከውጭ ወደ ውስጥ እንጂ ከውስጥ ወደ ውጭ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ዱዌ ይህን አባባልዎን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፎ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰቅሎታል። ሊታጠብ የሚገባ ሁሉ አንብቦ ይገባል።

ሦስተኛ፦ እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኔም በበኩሌ፣ ያለ ኮሚቴ እርዳታ፣ በራሴ እጅ ብዙ አበላሽቻለሁ። ፕላኑን የሣልኩት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤት ሰፋ ሲል ያምራል ብዬ በማዕድ ቤቱና በእማዬ መኝታ መካከል ያለውን ግድግዳ አስፈረስኩት፤ ዱዌ ዓሣ በጠበሰ ቁጥር የእማዬ ትራስ ዓሣ ዓሣ ሲሸት ከረመና መልሼ አስገነባሁት። ሶኬቶቹን በሙሉ ቁም ሣጥኑ ከሚቆምበት ጀርባ አስደረግኋቸው። የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት ሆኖ ተሠራ፤ እማዬ፣ ባለ ጎማ መራመጃዋና የተከፈተው በር ሦስቱ አንድ ላይ መቆም አይችሉም፤ አንዱ የግድ ውጭ መቅረት አለበት።

ግንበኛችንን ሄሴልን ጠርቼ፣ «ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብዬ ብጮህበት፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ፕላኑን እየነካካ፣ «እኔ የሠራሁት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ እማማ የሉም» አለኝ።

እፍረቴ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በማግሥቱ ክፍሎቹን ባዶ አደረግናቸው፤ እማዬ ጠመኔ መራመጃዋ እግር ላይ አስራልን ከአልጋዋ ወደ መታጠቢያው፣ ከመታጠቢያው ወደ ማዕድ ቤቱ፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ፣ እያረፈችና እየተሳደበች ተመላለሰች። ወለሉ ላይ የቀረው ጠማማ ነጭ መስመር እኔ ከሣልኩት ጋር በአንድም ቦታ አልገጠመም። ሄሴል ተንበርክኮ ለካውና ሁሉንም በዚያ መሠረት አስተካከለው፤ በሩም ተንሸራታች ሆነ። ቤታችሁን ለማደስ የምታስቡ አንባቢዎች፣ ክቡርነታቸውን አስፈቅጄ አንዲት ምክር ጣል ላድርግላችሁ፤ መጀመሪያ እግር ይሂድበት፣ እርሳስ ኋላ ይደርሳል።

አራተኛውን ቁጥር ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ወደ ነገሩ ልግባ።

ግንቦት ላይ ገንዳው ተገጠመ። እማዬ አሥራ አራት ወር ሙሉ በሳህን ውሃና በፎጣ ስትታጠብ ነበር የቆየችው። እኔና ዱዌ ደግፈን፣ አሮጌውን ሰማያዊ የዋና ልብሷን እንደለበሰች ውሃው ውስጥ አስቀመጥናት። ያ ሲጎትታት የኖረ እግሯ ቀስ ብሎ ተንሳፈፈ። እሷም ተንሳፋፊውን እግሯን አይታ፣ «ይኸው፣ እግሬ ዋናውን አልረሳም» አለች። ዱዌ ቧንቧውን የሚያይ መስሎ ፊቱን አዞረ። ቧንቧው አንዳች ችግር አልነበረበትም።

መጋረጃ ሰቅለን ነበር፤ ለዚህስ ፈቃድ አያስፈልግም። እማዬ ግን በሁለተኛው ቀን አስወረደችው። «ኮሚቴው ግልጽ ይሁን ካለ ግልጽ ይሁን! እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ» አለች። እንግዲህ ዘወትር ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቢጫ የዋና ቆቧን አድርጋ፣ አንገቷ ድረስ አረፋ ውስጥ ገብታ፣ ጎዳናውን መመልከት ጀመረች። መጀመሪያ ፖስተኛው ባርኔጣውን አነሣላት። ቀጥሎ ዓሣ ሻጩ ቆሞ ስለ ዳሌዋ ጠየቃት። በሦስተኛው ሳምንት ድሮ ዋና ያስተማረቻቸው ራሰ በራ ሰዎች ሚስቶቻቸውን ይዘው መጥተው፣ «ይቺ ናት፣ ይቺው ናት ያቺ ቁጡዋ!» እያሉ ያሳዩዋት ጀመር። እሷም በመስኮቱ የላይኛው ክፍት ክፍል የእያንዳንዳቸውን ስም እየጠራች መልሳ ትሰድባቸዋለች። ደስታዋ ቤቱን ሞላው።

ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ለአንባቢ ስል ግን ልድገመው። ለቆንጆ ጎዳናዎች ውድድር ከክፍለ ሀገሩ የተላኩትን አምስት ዳኞች አስከትለው በጎዳናችን መጡ። እኔ ደጃፍ ላይ ብስክሌቴን እያጸዳሁ ነበር። ቤታችን ፊት ለፊት ቆመው እጅዎን ዘረጉና፣ «ክቡራን እንግዶች፣ ይህ እንግዲህ ሦስት መቶ ዓመት ፊቱ ያልተለወጠ ጎዳና ነው» ሲሉ ከመስኮታችን የእማዬ ፊሽካ ጮኸ።

«ኦቤ! አንተ የሚንደርት ልጅ! አገጭህን ቀና አድርግ!»

ክቡርነትዎ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመትዎ፣ በዚያ ግራጫ ካፖርት፣ አገጭዎን ቀና አደረጉ። ሳያስቡት ነው ያደረጉት፤ ለዚህም ወደድኩዎት።

«አሁንም ትንፋሽህን አፍነህ ነው የምትሄደው? አውጣው! አውጣው እንጂ!»

«እትዬ ቺትስኬ፣ እባክዎን... እንግዶች አሉ» አሉ፤ የያዙት መዝገብ ከእጅዎ አምልጦ ወረቀቱ በነፋስ በቤቶቹ መካከል አልፎ ወደ ቦዩ እየሄደ።

«አይቻቸዋለሁ! አንተው አይደለህ እንዴ ግልጽ ይሁን ያልከው? እንደምን አደራችሁ እንግዶች! ግቡ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ልጄ ኬክ ጋግራለች።»

አልጋገርኩም ነበር። የዳኞቹ አለቃ፣ ያቺ ረጅም ሽበታም ሴት፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ በጣም በቁም ነገር፣ «ውሃው ስንት ዲግሪ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ታድለው!» አለች ሴትዮዋ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም። ዱዌ በጀልባ ወረቀትዎን ከዳክዬዎቹ አፍ እየነጠቀ ሲለቅም፣ እርስዎም፣ ክቡር ሆይ፣ ካፖርትዎን አፍዎ ላይ ይዘው ትከሻዎ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አይካዱ፤ ምስክሮች አሉኝ፤ አንዳቸውም ባለጉዳይ አይደሉም።

ጎዳናችን አንደኛ ወጣ። ዳኞቹ የጻፉት ምክንያት፣ «ከጎበኘናቸው አሥራ አራት ጎዳናዎች መካከል ሰው እንደሚኖርበት እርግጠኛ የሆንነው በዚህ ብቻ ነው» የሚል ነው። ሽልማቱን ሲቀበሉ ስለ ኮሚቴዎ አርቆ አሳቢነት ያደረጉት ንግግርም ልብ የሚነካ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ፣ ስምንት ወር የፈጀው ጉዳይ በአንድ እሑድ ብቻ አልቆ፣ የማያሳየውን መስታወት የሚፈቅድ ደብዳቤ በሠራተኛዎ እጅ ደረሰን። ለእማዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አድርጋ ራሷም ደገመችውና አጠፈችው።

«ይቅርብኝ» አለች።

«እማዬ፣ ስንት የለመንነው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ያኔ ማንም አያየኝም ነበር» አለች። «አንቺና ዱዌ ሥራ ትሄዳላችሁ። እኔ ጣራውን ሳይ እውላለሁ። አሁን ግን ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ካላየኝ ይጨነቃል። መስታወቱን አሳውራችሁ እንደገና ከጣራው ጋር ልታስቀምጡኝ ነው?»

 ስለዚህ ፈቃዱን ከታላቅ አክብሮት ጋር እየመለስን፣ የከለከሉንን ሁሉ አጥብቀው ስለከለከሉን ከልብ እናመሰግናለን። ትንሽ ደግ ቢሆኑልን ኖሮ እማዬን ከኋላ፣ ከአትክልቱ ጋር ዘግተንባት ነበር።

የኮሚቴዎን ዕድሜ ያርዝምልን፤ የማኅተምዎን ቀለም አያድርቅብን፤ በየጎዳናው ሲያልፉም የሚጠራዎት አይጥፋ እያልኩ፣ ብስክሌቴን ተደግፌ እጅ የምነሳ፣

የማይናወጥ አክባሪዎ
ሬንስኬ ቡርስማ
ከገመድ ሠሪዎች ጎዳና

ማስታወሻ፦ እማዬ ፈቃዱን በገዛ እጇ ልትመልስልዎት ትናንት ቢሮዎ ድረስ መጥታ ነበር። ሆኖም መራመጃዋ ሰባ አንድ ሳንቲሜትር፣ የእናንተ በር ደግሞ ስድሳ ስምንት ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊዎ በሩ እንዲሰፋ ማመልከቻ ለኮሚቴው ማቅረብ እንደሚቻል፣ ቅጹም የሚገኘው ከውስጥ እንደሆነ በትሕትና አስረድታናለች። የፈቃዱን ደብዳቤ በበሩ ሥር አንሸራትተን ተመልሰናል። ሕንፃው ከውጭ ሲታይ ግን እጅግ ያምራል።