የእኔ ማሞቂያ በባህረዲን ጣሪያ ላይ ስላመጣው ውጤት

ለተከበሩ ዶክተር ኢዩኤል፣
የዓለም አቀፉ የአረንጓዴ ሙቀት ክህሎት ፕሮጀክት ገምጋሚ ቡድን መሪ፤
ባሉበት ዩኒቨርሲቲ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎና አብረውዎት የደከሙት ገምጋሚዎች በሙሉ ጤናና ባልተቋረጠ አበል እንደምትገኙ ያለኝን እምነት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ዝቅ ብሎ ባለው የሱቆች መደዳ ቆርቆሮ የምቀጠቅጠው ይመር ፈለቀ ነኝ። በሪፖርትዎ ገጽ አርባ አንድ ላይ «ክህሎቱን ወደ ተግባር ያልለወጠ ሠልጣኝ» ተብዬ የተጠቀስኩት ማለት ነው፤ ስሜን ከነአባቴ በትክክል ስለጻፋችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ፕሮጀክቱ በፀሐይ ብርሃን ውሃ የሚያሞቅ ዕቃ እንድንሠራ ስድስት ሳምንት ሲያሠለጥነን፣ እኔና ጎረቤቴ ባህረዲን አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የተቀመጥነው። በግምገማችሁ ብልጫ ያገኘ አንድ ሰው ከመደዳችን ተመርጦ የሚቀጥለው ዙር አሠልጣኝ እንደሚሆንም ተነግሮናል። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መዶሻ ይዤ አንድም ቀን «መምህር» ተብዬ አላውቅም፤ ስለዚህ ቦታውን ፈልጌው ነበር፣ በጣም ፈልጌው ነበር። ቅሬታዬን እንደ መመሪያው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በግምገማው ዕለት ጠዋት ባህረዲን ሱቅ ደርሳችሁ ማሞቂያ ሠርቶ እንደሆነ ብትጠይቁት፣ የእሱ በተሠራ በሳምንቱ ማንጠባጠብ ጀምሮ፣ ተፈታትቶ ጥግ ተቀምጦ ሳለ፣ «አለ፣ ከምሳ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት» ብሏችኋል። በዚህ አልፈርድበትም። መርካቶ ገዢ ፊት «የለም» አይባልም፤ ዕቃ ያጣ ከጎረቤት ሮጦ ያመጣል፣ ጎረቤትም ለምን ሳይል ያውሳል። እናንተ ለምሳ ዞር ስትሉ ባህረዲን መጥቶ፣ ሰው ሊያየው ነውና ማሞቂያህን አውሰኝ አለኝ። ገዢ መስሎኝ በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ እሱ ጣሪያ ላይ የሰቀልኩት እኔው ነኝ። በስምንት ሰዓት ተኩል ተመልሳችሁ ቴርሞሜትራችሁን ስትነክሩ ስድሳ አንድ ዲግሪ አነበበ። ባህረዲን ከማሞቂያዬ ጎን የተነሳው ፎቶም አምሮ ወጥቷል።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ እኔ ሱቅ ብቅ ብላችሁ ጣሪያዬን ቀና ብላችሁ አያችሁ፤ ባዶ ነበር። ማሞቂያዬ ሦስት ሱቅ አልፎ ወለል ብሎ እየታየኝ፣ እንድትቀመጡ በርጩማ ጠርጌ አቀረብኩላችሁ። በእኛ መደዳ ጎረቤቱን ሰው ፊት ያጋለጠ፣ ከዚያ ወዲያ መርፌ የሚያውሰው የለም። ይልቅ ይህን ያህል የተማረ ሰው፣ ጠዋት ያልታየ ዕቃ ከምሳ በኋላ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም ብዬ ጠበቅሁ። የእኔ የግንዛቤ እጥረት መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሼ በሦስተኛው ቢሮዎ ድረስ ዘልቄ ነበር። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ማርያማዊት በፍጹም ትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ሪፖርቱ ውጭ አገር ተልኮ ስለጸደቀ፣ ዕቃውን ሠርቼው የነበርኩት እኔ ብሆንም አሁን የሠራው ባህረዲን ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ ማብራሪያ ከመንግሥት ቢሮ አግኝቼ አላውቅም።

ቅናት ነው የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው። ባህረዲን የአሠልጣኝነት ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሱቄ በር ሲያልፍ፣ ያለቀለትን ቆርቆሮ ደግሜ እቀጠቅጣለሁ። ትናንት በስሙ ይጠራው የነበረ ተሸካሚ ሁሉ ዛሬ መምህር እያለ መንገድ ይለቅለታል። ባለቤቴ ቦሰና እንኳ በቀደም ቱቦ ማጠፍ ቢቸግረኝ፣ መምህሩን ለምን አትጠይቀውም አለችኝ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። በወረዳው ስብሰባ ላይ ስሜቴ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት መሆኑ ተነግሮኝ፣ እጄን አውጥቼ ተቀብያለሁ፤ ስሜቱ ግን አልለቀቀኝም።

በመጪው ሐሙስ ከውጭ የሚመጡት እንግዶች ይህንኑ የተመሰገነ ማሞቂያ ሊጎበኙ መሆኑን ሰምቻለሁ። እስከዚያ ገጽ አርባ አንድን ቢያርሙልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ የማይመችዎ ከሆነም በሥራዎ መደራረብ አሳብቤ ዝም እላለሁ።

ክህሎቱን ወደ ተግባር ሳይለውጥ ስድሳ አንድ ዲግሪ ያስመዘገበው፣ የዘወትር አክባሪዎ
ይመር ፈለቀ
መርካቶ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ባህረዲን ለሐሙሱ ጉብኝት ማሞቂያዬን ዛሬ ጠዋት እንደገና ሊዋስ መጥቶ ነበር። የመደዳችን ወግ ነውና አልከለከልኩትም፤ እንደ ቀድሞው በትከሻዬ ተሸክሜ ሰቅዬለታለሁ። ውሃውን የሚያሞቀውን ጥቁር ቱቦ ብቻ ከውስጡ አውጥቼ ሱቄ አስቀምጫለሁ፤ እሱም ከነቱቦው አውሰኝ አላለኝም። እርስዎ አይስጉ። መምህር ነውና እስከ ሐሙስ ሌላ ቱቦ ራሱ አጥፎ ያስገባል።