የእሸቴ ማተሚያ ነገር

እሸቴ፣
ሙላቴ ከቴሌ መጥቶ አጣህ። ስለ ማተሚያው የጠየቅኸው የባሕር ዳሩ ሰውዬ በስልክ መልስ ልኮልሃል፤ አስደግሜው ነው የጻፍኩት። ለማተሚያው ያመጣኸውን ፕሮግራም ኮምፒተሩ ውስጥ መክተት ብቻ አይበቃም አለ። ኮምፒተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበው ፋይል አለ፤ የፕሮግራሙን ስም እዚያ ላይ ጻፍበት። ከዚያ አጥፍተህ አብራው። እኔ አልገባኝም፤ አንተ ግን ይገባሃል ብሏል ሰውዬው።

ሽሮው ምድጃው ላይ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ እምቢ አለው ብዬ ለጎረቤታችን ለደሳለች ያወራሁት እኔ ነኝ። ለጨዋታ ነበር። እሷ ደግሞ ጥርሷን ወርቅ ካስለበሰች ወዲህ አፏ አይገጠምም፤ ሆን ብሎ ሰበረው ብላ አዳረሰችው። ቀበሌዎቹ አሻጥር ነው ብለው ነገ ሊያስሩህ ነው።

አንተም «የእማማ አፍ ክዳን የለውም» ማለትህን ሰምቻለሁ። ይሁን።

ወሬው ከእኔ ነው የወጣው ልላቸው ቀበሌ ሄጃለሁ። ፍርሃትም አልመጣብኝም፤ እንዲሁ ደንዝዣለሁ። ባዶ እጅህን እንዳትከተለኝ። መጀመሪያ ቢሮ ሂድ። ማተሚያው አንዲት ወረቀት ካተመልህ ይዘሃት ና፤ እሷን ሲያዩ ሁለታችንንም ይተዉናል።

ካላተመ አትምጣ።
ዶሮዎቹን ግን አስገባልኝ።