ቁልፉ ወዴት ይዞራል

ሰኞ፣ ነሐሴ 20፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬም ወገቤ ተቆርጧል። ጠዋት ት/ቤት ጽ/ቤት ታይፕ ስመታ፣ ከሰዓት መሠረተ ትምህርት ሳስተምር፣ ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ። ስብሰባው ላይ አንቀላፋሁ። ሰው ሲያጨበጭብ ባንኜ እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሁሉም በላይ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

ቤት ስደርስ ጓድ ደግነት፣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን መሪ፣ ዝናብ እየመታው በሬ ላይ ቆሟል። የታዴን ሊድ ጊታር በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። ታዴ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ እትዬ አደራሽን፣ ከልብሴም ከአልጋዬም እሱን፣ ብሎኝ ነበር። ቡድኑ ለሳምንት ብሎ ወሰደው፤ ይኸው ወራት አለፉ።

ተበላሽቷል አለኝ። የድምፁ ቁልፍ ሲዞር ይንጣጣል፣ አንዳንዴም ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራዲዮ ጠጋኝ ስለነበር፣ የጥገና መሣሪያውም እኔ ጋ ስላለ፣ ለአብዮት በዓል አድርሺ አለኝ። ከዚያስ? አልኩት። ከዚያማ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፣ ለታዴ አይመለስም አለኝ። ካልሠራሽው ደግሞ አሻጥር እንዳይባል። ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የመዘገብኩት ልጅ! ያኔ እትዬ ብርነሽ ነበርኩ፤ አሁን ጓዲት።

ብሠራው ጊታሩ ይሄዳል። ባልሠራው እኔ እሄዳለሁ። ደህና እደሪ ደብተሬ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 23፣ ለምሳ ስወጣ

ቆጮዬን ቆሜ እየበላሁ የጊታሩን ጀርባ ከፈትኩት። ስንት ነገር ጠብቄ! ቁልፉ ሥር ሦስት እግር ያላት ክብ ነገር፣ ትንሽ ሽቦ፣ ሌላ የለም። ያ ሁሉ ጩኸት ከዚህ ነው የሚወጣው? ድካሜን ረሳሁት። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

መንጣጣቱ ከአቧራ ነው። ባሌ የራዲዮ ቁልፍ እንዲህ ሲሆንበት አልኮል ጠብ ያደርግ ነበር። አልኮል የለኝም፤ ካቲካላ አለኝ። በዶሮ ላባ ጠብ አድርጌ ወዲያ ወዲህ አዞርኩት። ባለ ሱቋ ጎረቤቴ ዘይነባ ሽታው ደርሷት ብቅ አለች። ብርነሽ፣ በቀን ጀመርሽው እንዴ? ለጊታሩ ነው አልኳት። "እሱም ይጠጣል?" ብላኝ እየሳቀች ሄደች። ቆይታ ከሱቋ የብየዳ እርሳስ ይዛልኝ ተመለሰች። ቁራጭ ናት፣ ቆጥቢ አለችኝ።

አርብ፣ ነሐሴ 24

መንጣጣቱ ተወ። መጥፋቱ አልተወም። ለካ በአንዱ ዳር ያለው ሽቦ በክር ነው የተንጠለጠለው። ነካ ሳደርገው ተነቀለ። የወዲያኛው ዳር ሽቦም ተከትሎ ተነቀለ! የቱ ከየትኛው እግር ላይ ነበር? አላየሁም። ሳትነቅዪ እዪ፣ ይለኝ ነበር ባሌ። አንደኛዋን ሽቦ "መሬት" ነበር የሚላት። መሬት ለአራሹ፤ ግን ለየትኛው እግር?

መብራት ጠፍቷል። መበየጃውን ብረት ከሰል ላይ አግዬ እንደ መሰለኝ በየድኩ። እርሳሱ አለቀ። ጣቴም ተቃጠለ።

እሑድ፣ ነሐሴ 26፣ ረፋድ

መብራት መጣ። ጊታሩን የባሌ ትልቁ ራዲዮ ጀርባ ሰካሁት። ቁልፉን ወደፊት እስከ ጥግ አዞርኩ። ዝም። ተስፋ ቆርጬ ወደኋላ ስመልሰው ድምፁ ቤቱን አናጋው! ድመቷ በመስኮት ዘለለች።

ገባኝ። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሬ በይጃቸዋለሁ። ሲጨምሩት ይቀንሳል፣ ሲቀንሱት ይጨምራል። እንባዬ እስኪመጣ ብቻዬን ሳቅሁ። ማስተካከሉ ቀላል ነበር፤ እርሳስ የለም እንጂ። ዘይነባ ነገ አመጣልሻለሁ ብላለች። ደግሞ ከአዋሳ የመጣ ሾፌር ነገረኝ፤ ታዴ ፈቃድ አግኝቷል፣ ለእንቁጣጣሽ ይመጣል። ምን ብዬ ልቀበለው ነው? አደራህን ቀበሌ ወሰደው ልበለው?

ሰኞ፣ ነሐሴ 27፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን አትዪብኝ።

ፊቴን ሳልታጠብ ደግነት መጣ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎችም አብረውት። ጊታሩን ራዲዮው ላይ ሰካ፣ ቁልፉን ወደፊት እስከ ጥግ አዞረው። ዝም። ክሩን መታ መታ አደረገው። ዝም። አሻጥር የምትለዋ ቃል አፉ ላይ ስትደርስ አየኋት። እውነቱን ተናገርኩ፦ "ጓድ፣ ወደኋላ ቢያዞሩት እኮ ይሠራል።"

አንደኛው ጠባቂ ቀና አለ። ደግነት ጠባቂውን አየ፣ እኔን አየ። እጁን ከቁልፉ ላይ እንደ እሳት አነሳ።

"ጓዲት ብርነሽ፣ ወደኋላ የሚባል ነገር የለም!"

"እኔ እኮ ቁልፉን..."

"ወደፊት ነው እንጂ!"

"ወደፊት!" አሉ ጠባቂዎቹ። እኔም ግራ እጄን አነሳሁ፤ ምን ይደረጋል፣ በሌሊት ቀሚሴ።

ከዚያ ፍርዱን ሰጠ። ጊታሩ ሞቷል፣ የክረምቱ እርጥበት ነው የገደለው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ቡድኑ ሌላ ያስመጣል። ጠባቂዎቹ ቀድመው ወጡ። እሱ ደጃፉ ላይ ዘወር ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "እትዬ፣ ለታዴ አስቀምጪለት።"

እትዬ አለኝ። ገብቶት ይሆን?

ያው ዕለት፣ ከሥራ መልስ

ሞቼ ነው የገባሁት። ዘይነባ እርሳሱን አምጥታለች። ከሰሉን አያያዝኩ፣ ብረቱን አጋልኩ፣ ጀርባውን ከፈትኩ። ሁለቱን ሽቦዎች ብዙ አየኋቸው። ብረቱ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ወሰንኩ። አልነካቸውም። ታዴ ሲመጣ በጆሮው እነግረዋለሁ። እስከዚያ ማንም መጥቶ ወደፊት ቢያዞረው፣ ዝም ይበልለት።