ተቀባይ ያጣው ሙሾ

የሺዬ፣

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሞላ። ጠባዬን ታውቂዋለሽ፤ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ሁለቱም በሬዎች አልቀዋል። በትምህርት ቤቱ ክፍሎች ተጠልለው ንፍሮ ስታድያቸው ከነበሩት ሰዎች፣ የተረፉት ወደ ዋጃና ወደ ጎብዬ ተመልሰዋል፤ የቀሩት አንቺው ዘንድ ናቸው። አምና እኛ ሬሳ ስንለቅም፣ የመጣው ሹም «ምርቱ መካከለኛ ነው» ብሎ የጻፈው ወረቀት ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ልጃችን ትብለጥ ደህና ናት። አንቺን ልታስታምም ትምህርቷን አቋርጣ እንደመጣች አልተመለሰችም፤ ክራሯን ይዛ ግጥም ስትጽፍ ከረመች። ባለፈው ወር የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ለወሎ እርዳታ ሲያሰባስቡ መጥተሽ ዝፈኝልን አሏት። ግጥሟን አሳየችኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። ስምሽን ሰርዤ «እናቴ» አልኩ። የቤታችን ሐዘን አደባባይ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ወረቀቱን አጣጥፋ ወሰደች።

ወደ ዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ አብረን ሄድን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ክራሯን ቃኝታ ጀመረች፦

የቆቦ ማሽላ አንገቱን ሳይደፋ፣
የሺን ማን ያልቅሳት አልቃሹ ከጠፋ።

እርማቴን ጥላዋለች። ልቆጣ ስል ተማሪው ሁሉ ዜማውን ተከትሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ትብለጥ ክሩን በመዳፏ ያዘችው።

«እናንተ፣ ለቅሶ ቤት ታጨበጭባላችሁ እንዴ?»

«ታዲያ ምን እናድርግልሽ?» አለ አንዱ።

«ተቀበሉኝ። በእኛ አገር ሙሾ የሚያወርድ ሰው ብቻውን አይተውም።»

ደግማ አለችው። ዝም። ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ግማሾቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ክፋት አይደለም፤ አያውቁበትም። እኔ ግን አውቅበታለሁ፤ ያንን ዝምታም ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ። ተስቦው የገደለሽ ቀን የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ በር ላይ ቆሜ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። በሽታው ይዛመታል፣ ሰው አይሰብሰብ አልኩ። ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ እንደነበርኩ አምናለሁ። በየሰዉ ደጅ እየሄድሽ ስታለቅሺ የኖርሽው ሴት ግን አንድ ስንኝ ሳይወርድልሽ አፈር ገባሽ። ትብለጥ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ያን ጊዜ ፊቴን አዞርኩባት።

ሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው ድምጿ ተሰበረ። የማደርገውን ሳላስብ ብድግ አልኩ።

«ዋይ የሺዬ! ዋይ የኔ እመቤት!» አልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ፣ ተማሪ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የምቀጣው ሰውዬ! ከዚያ አንዷ ተማሪ ተነሥታ «ዋይ» አለች፣ ሌላውም ተከተለ። ትብለጥ ቀና ብላ አየችኝና ቀጣዩን ስንኝ አወረደች፤ ደግሜ ተቀበልኳት። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

ስንመለስ ደሴ ላይ «አባዬ፣ ሁለተኛው መቀበልህ ትንሽ ዘግይቷል» ብላ አረመችኝ። እውነቷን ነው።

የሰማንያሽ ቀን በዝምታ አለፈ፤ ሙት ዓመትሽ ግን እንደዚያ አያልፍም። ከበር የመለስኳቸውን ሴቶች በየቤታቸው ሄጄ እጠራቸዋለሁ። ትብለጥ ታወርዳለች፤ እኔ እቀበላለሁ። በየዓመቱ፣ ድምፄ እስካለ ድረስ፣ ሳልዘገይ።