በጓዳዬ ስለተሸሸጉት የተከበሩ አባላት

ለክቡር የከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጉባኤው ሰው ጎድሎት በተበተነ ማግሥት

ጉዳዩ፦ ምልዓተ ጉባኤ በማጉደል ተባባሪ መሆኔን ስለማመልከትና መፍትሔ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ዐቢይ ዜና በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። ድመታችን ለዓመታት ስትተኛበት የኖረችውን የጓዳ ወንበር ለቅቃ ኑሮዋን ወደ ጣራ አዛውራለች። ለዚህ የበቃችው አንድ የተከበሩ የምክር ቤት አባል ወንበሯን ስለያዙባት ነው። አባሉ አማቼ፣ የታናሿ ልጄ ባል ናቸው። አንቱ ያልኳቸው ማመልከቻ ስለሆነ ነው፤ እቤት "አንተ ጎረምሳ" ነው የምለው።

1. እንደሚያውቁት የዘንድሮው በጀት እስካሁን አልጸደቀም። አዲሱ መንገድ በላይኛው ሰፈር ይለፍ በታችኛው በሚል ምክር ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። የአማቼ ወገን ድምፅ ቢሰጥ እንደሚሸነፍ ስላወቀ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይቀራል፤ ሰው ሲጎድል ጉባኤው ይበተናል። እቤታቸው እንዳይቀመጡ የእርስዎ ተላላኪ መጥሪያ ይዞ ያንኳኳል። ስለዚህ አማቼና ሁለት ጓደኞቹ በስብሰባ ቀን የሚውሉት እኔ ጓዳ ነው።

2. ተላላኪው ባለፈው ሳምንት እኔም ዘንድ መጥቶ ነበር። "አማቼን ካየሁት ሰነበትኩ" አልኩት። ደጃፍ ላይ የተደረደረውን እያየ "ታዲያ አባባ፣ ይሄ ሁሉ ጫማ የማን ነው?" ቢለኝ፣ "የእኔ ነው ልጄ፤ ሰው ሲያረጅ እግሩ ይበዛል" አልኩት። ስቆ ሄደ። እኔም ስቄ ገባሁ።

3. አስገድደውኝ ነው ብዬ አላመካኝም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቀኝ እጄን ከግራ እጄ ጋር ዳማ ሳጫውት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሦስት ተጫዋች በአንድ ጊዜ ሲገባልኝ መንገዱ በላይ ቢያልፍ በታች ቢያልፍ ግድ አልሰጠኝም። ማታ ሲወጡ "ነገስ ስብሰባ አለ?" እያልኩ የምጠይቀው ስብሰባው በኖረ ብዬ እየተመኘሁ ነው።

4. ታናሽ እህቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ደሟ በከተማው ሆስፒታል ይታጠባል። በሳምንት ሦስት ቀን የነበረው እጥበት አሁን ወደ ሁለት ወርዷል። ነርሷ "አባባ፣ ማጣሪያው የሚገዛው ከአዲሱ በጀት ነው፤ ያለውን እያብቃቃን ነው" ብላኛለች። እጥበቱ ሲቀርባት እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ይላታል፤ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች። የምትጠጣው ተለክቶ ነው፤ ጥሙ ሲብስባት በረዶ ትመጥጣለች። እኔ ዳማ የምጫወተው ከእሷ ክፍል ግድግዳ ማዶ ነው። ነርሷ የነገረችኝንና ጓዳዬ ውስጥ ያለውን ማገናኘት አቅቶኝ አልነበረም፤ አልፈለግኩም እንጂ።

5. ትናንት አማቼ ጠጠር እየገፋ "አንድ ሳምንት ከታገሥን እነሱው ይንበረከካሉ" ሲል እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። እስከዚያ ድረስ ሰዎቹ የዓመት ዕረፍት ላይ ያሉ ነበር የመሰላት። ሰሌዳውን ገልብጣ "አንተ ሽማግሌ፣ በእኔ ደም ነው ቁማር የምትጫወተው?" ብላ ጮኸችብኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. በሚቀጥለው የስብሰባ ቀን ተላላኪውን ይላኩልኝ። ጫማዎቹም እዚያው ናቸው፤ እኔም አልዋሽም።

ለ. እኔ የጓዳዬን በር ስከፍት እርስዎ የመንገዱን አንቀጽ ለውይይት ይክፈቱ። የመናገሪያ ጊዜ ነፍገውናል ይላል አማቼ፤ እውነት ከሆነ ሰው የሸሸጉት እርስዎም ጭምር ነዎት። መርጠን የላክናችሁ እንድታሸንፉ ብቻ አይደለም፤ ተሸንፋችሁም እንድትቀመጡ ነው። እሱን ልጄ ለባልነት መረጠችው፣ እኔ ለምክር ቤት መረጥኩት፤ እሷ እንኳ ማታ እቤቱ ታገኘዋለች።

ሐ. መንገዱ እስኪወሰን ድረስ የሆስፒታሉ ወጪ ተነጥሎ ይጽደቅ። እህቴ የእናንተን ኩርፊያ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

በመጨረሻም አቤቱታ ላይ ሐሰት መጻፍ እንደሚያስጠይቅ ስለማውቅ አንድ ነገር ላርም። በተራ ቁጥር 5 ያለውን ጩኸት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ብላኝ አታውቅም፤ ሰሌዳም አልገለበጠችም። ግድግዳውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ እሷ አንድ ስኒ እንኳ ያልተፈቀደላትን ሻይ ለአራታችን ቀድታ አመጣች። "ጋሼ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጡ፤ እንግዶቹንም አጠጧቸው" ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ኖሮ መልሼ ተቆጥቼ ጨዋታዬን በቀጠልኩ፤ ይህንንም ባልጻፍኩ ነበር።

ከሰላምታና ከእፍረት ጋር

ፊርማ

የአባልዎ አማት፣ ባለ ጓዳው