ያስቀረኋት አርብ

ለምወድሽ ልጄ ለፅጌረዳ ላቀው፣
ሐዋሳ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የፋብሪካው ሥራ እንዴት አድርጎሻል? ወገቤን ያመኛል ያልሽኝ ተሻለሽ ወይ? ዛሬም ቆመሽ ነው የምትውዪው ወይስ መቀመጫ ሰጧችሁ? አብራሽ የምታድረው ልጅስ ደኅና ናት? እጮኛሽ ሙሉቀንስ እንዴት ነው? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። የእኅትሽ ልጆችም አልታመሙም። ፍቅር ትምህርቷን ይዛለች። አዳነ ቀኑን ሙሉ ከጫጩት ጋር ሲሯሯጥ ይውላል። ሕፃኗም በላም ወተት ጠንክራለች፣ ጉንጯ ሞልቷል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አንድም ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ነው፣ አንድም ድምፅሽን ስሰማ ጀምሬ ስለምተወው ነው። እጄ ከጽሕፈት ከራቀ ብዙ ዓመት ሆኖታልና ደብዳቤው አራት ቀን ፈጀብኝ። ጨርቅ ነጋዴው ሰላሀዲን አዲስ አበባ ሲደርስ በፖስታ እልክላታለሁ ብሎኛል። ሲደርስሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አዲስ የሞተ ሰው የለም፣ አንቺ አትደንግጪ። የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ ድንጋጤው ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እኅትሽ ንግስት ጥቅምት ላይ በወሊድ ካረፈች ወዲህ ባሏን ዋሴን ምን እንዳደረግነው ታውቂያለሽ። አንቺ መንገድ ተዘግቶ ለቀብሯም ለአርባዋም ሳትደርሺ ቀረሽና በስልክ እኅቴን ገደልካት፣ ሁለተኛ ድምፅህን እንዳልሰማ አልሽው። እኔ የባሰ አድርጌአለሁ። ለቅሶው ላይ የእኛም የእነሱም አገር ሰው ተሰብስቦ ሳለ ደረቴን እየመታሁ ጮኽኩበት። አዳነን ስትወልድ ደሟ ፈሶ ለጥቂት የተረፈችውን ልጄን ደግመህ አስረግዘህ ጨረስካት አልኩት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቆመ እንጂ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ጥፋቱን ቢያውቅ ነው ዝም ያለው አልኩ። ሦስቱንም ልጆች ይዤ መጣሁ። ልያቸው ብሎ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ ከደጅ መለስኩት።

ኅዳር ሃያ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትዝታ ሕፃኗን ልትከትብ መጣች። በእነ ንግስት ቀበሌ ጤና ኬላ የምትሠራው ልጅ ናት፤ ሕፃኗ እኔ ዘንድ ናት ሲሏት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጣች። ከትባ ስትጨርስ እኔ እንደ ልማዴ ዋሴን ማንሣት ጀመርኩ። ሚስቱን ወደ እናንተ እንኳ አድርሶ የማያውቅ፣ ከበሬው አሳንሶ የያዛት አልኳት። ዕቃዋን ስታስገባ ቆየችና በመጨረሻ፣ እማማ ይብቃዎት፣ ይህን ሰው አይርገሙት፣ እኔ መስማት አቃተኝ አለችኝ። ከቦርሳዋም አንድ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። የንግስት ስም አለበት። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ካርድ ነው።

ትዝታ እንደነገረችኝ በየሦስት ወሩ አርብ አርብ ለገበያ እንደሚወርዱ ሆነው አብረው ይመጡ ነበር። እሷ ትገባለች፣ እሱ በቅሎውን ይዞ ውጭ ይቆማል። ገበያተኛ ወንዶች ሲያልፉ፣ ዋሴ አንተም ልትወጋ ተሰልፈህ ነው ይሉታል። እሱም፣ ተራው ከደረሰኝ ምን ቸገረኝ፣ እናንተም ከኋላዬ ቁሙ ይላቸው ነበር አለች። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ አላውቅም።

ካርዱን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሰባት ቀን ተጽፏል፣ ከሰባቱም ፊት ፊርማ አለ። ስምንተኛው ጥቅምት 23 ቀን 2016 ይላል፣ ፊርማ የለውም። ልጄ፣ ያን ቀን ለማስታወስ ማንም አላስፈለገኝም። የአባታችሁን ሙት ዓመት ያወጣነው ከዚያ አርብ በሁለተኛው ቀን እሑድ ነበር።

ያን ለት ጠዋት ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ጌሾ እየለቀሙ ነበር። ንግስት ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና፣ እማዬ ገበያ ደርሼ ልምጣ አለችኝ። ጨውም በርበሬውም ገብቷል፣ ደግሞ ምን ቀረሽ አልኳት። አንዲት ጉዳይ አለችኝ፣ ለማታ እደርሳለሁ አለች። ከአባትሽ ሙት ዓመት የሚበልጥ ምን ጉዳይ ነው፣ ጋኑን ማን ያጥባል ብዬ በሰው ፊት ተቆጣኋት። ከሴቶቹ አንዷ፣ ተያት እባክሽ፣ ሳምንት ሙሉ ከባሏ ብትለይ ናፍቋት ነው አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና ከመካከላቸው ተቀምጣ ጌሾ ትለቅም ጀመር። ከድግሱ በኋላ ድካሙ ጣለኝና እኔን ስታስታምም ሁለት አርብ አለፈ። ልሂድ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አንዲት ጉዳይ ያልሽው ምን ነበር አላልኳትም።

ትዝታ የእሷን መድኃኒት ለይታ አስቀምጣላት ነበር። ኋላ መንገድ ሲዘጋ፣ አዲስ ሲጠፋ፣ ሌላ የባሰባት ሴት መጣችና ሰጠቻት። ንግስት ኅዳር 14 ስትደርስ መድኃኒቱ አልቋል። ከዚያም ሁለት ጊዜ ተመላልሳ አጣች። ጥር ላይ አረገዘች። ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም ሲል መኪና እዚያ ድረስ አልመጣ ስላለ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ፣ መኪና መንገድ ሳይደርሱ አረፈች። ትዝታ ሁኔታዬን አይታ፣ እማማ የእርስዎ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ መንገዱም አለበት፣ የመድኃኒቱ መጥፋትም አለበት አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን መድኃኒቱ በነበረበት ቀን መንገዷን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ለምን አልነገረችኝም እያልኩ ሳለቅስ ዋልኩ። ከዚያ የራሴ አፍ ትዝ አለኝ። የጎረቤታችን ልጅ መርፌውን ትወጋለች ተብሎ በተወራ ጊዜ፣ ማኅፀኗን በእጇ አደረቀችው፣ እግዜር የሰጣትን የምትመልስ ምን ዓይነት ጥጋበኛ ናት ብዬ በማኅበራችን ቀን ስናገር፣ ጠላውን የምትቀዳው ንግስት ነበረች። ብርጭቆዬን ሞልታ ሰጥታኝ አለፈች። በዚያን ጊዜ አንደኛውን መርፌ ተወግታ ነበር። ካርዱ ላይ ቀኑን አይቼዋለሁ።

ማግስቱ ማርያም ነበረች፣ እሑድም ዋልኩ፣ ሰኞ ወደ ዋሴ ሄድኩ። አውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ አገኘሁት። ሲያየኝ ልጆቹ አንድ ነገር የሆኑ መስሎት መንሹን ጥሎ ሮጠ። ደኅና ናቸው አልኩትና ካርዱን አሳየሁት። ያን አርብ ያስቀረኋት እኔ ነኝ አልኩት። አውቃለሁ እናቴ፣ ይቀመጡ አለኝ። ያኔ ቤቷ ስትመለስ ነግራው ኖሯል። ታዲያ እንደዚያ ስሰድብህ ለምን አልተናገርክም፣ ለምን በሰው ፊት አላሳፈርከኝም አልኩት። እሷ አልፈቀደችልኝም አለኝ። ቃሬዛው ላይ ሆና እጁን ይዛ፣ እናቴ የዚያን አርብ ነገር ከሰማች ትሞታለች፣ አደራህን እንዳትነግራት ብላው ነበር።

ልጄ፣ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። ፍቅርንና አዳነን ወደ አባታቸው መልሻቸዋለሁ፤ አዳነ በቅሎው አንገት ላይ ተጠምጥሞ አልላቀቅ አለ። ሕፃኗ ከፍ እስክትል እኔ ዘንድ ትቆያለች። ክርስትናዋ ታኅሣሥ 25 ነው። ዋሴ ይቅር፣ ንግስት አልፈቀደችም ይለኛል፤ እኔ ግን በሰው ፊት የጮኽኩበትን በዚያው ሰው ፊት አነሣለሁ። ሴቶቹም ይስሙ፣ የሳቁትም ይስሙ። አንቺም ደውዪለት። ስልኩን አነሣ አላነሣ ሳትዪ ደጋግመሽ ደውዪና ይቅርታ ጠይቂው።

ሌላም ልንገርሽ። በሚያዝያ ታገቢያለሽ። የምትወጊው፣ የምትውጪው፣ የምትጠብቂው ቀን ካለ ንገሪኝ። ቀጠሮ ካለሽ ቀጠሮ አለኝ በዪኝ፣ ብቆጣም በዪኝ። ንግስት እናቴ ከሰማች ትሞታለች አለች። ይኸው ሰማሁ። አልሞትኩም። እሷ ናት የሞተችው።

ለሙሉቀን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ እንዲያነበው ስጪው። አብራሽ ለምታድረው ልጅ እናቴ ሰላም ብላሻለች በያት። ፍቅር እቴቴ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች። አዳነ ኳስ ላኪልኝ ብሏል። ዋሴ ደኅና ትሁን ብሎሻል፣ ቂም የለውም። ሕፃኗን ስለ አንቺ ስሜያታለሁ።

እናትሽ ምሥራቅ

ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.